ከየኔታ ገበታ እስከ መምህራን ማሠልጠኛ፦ የንባብ መምህር አዘገጃጀት ታሪክ በኢትዮጵያ

በአማርኛ አንድ ሰው ተምሯል ለማለት «ፊደል የቆጠረ ነው» ይባላል። አባባሉ ዛሬ ለማንኛውም የተማረ ሰው ቢሰጥም መነሻው የአንድ የታወቀ ሥራ ስም ነው፤ ይኸውም ሕፃኑ ከመምህሩ ፊት ተቀምጦ፣ ስንደዶውን በፊደል ገበታው ላይ እያሳረፈ፣ ሆሄያቱን አንድ በአንድ በድምፅ የሚያነሣበት ሥራ ነው። በዚህ ሥራ ያላለፈ የተማረ ሰው ስለሌለ ማንበብ ማስተማርም ፊደል የቆጠረ ሁሉ ያለ ችግር የሚወጣው ቀላል ተግባር ሆኖ ሲታይ ኖሯል። ለመሆኑ ሕፃናትን ማንበብ የሚያስተምረው መምህር ራሱ የማስተማሩን ጥበብ ከወዴት አገኘው? ማን አዘጋጀው? በምን ያህል ጊዜስ? የትምህርት ታሪካችን አብዛኛውን ጊዜ የሚተረከው በተከፈቱት ትምህርት ቤቶችና በተመዘገቡት ተማሪዎች ቁጥር በመሆኑ ይህ ጥያቄ ወደ ጎን ሲተው ቆይቷል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ጥያቄውን ከየኔታ ቤት አንሥቶ እስከ ቅርቡ ዘመን መከታተል ነው።

የኔታና የፊደል ገበታ

ጥንታዊው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ንባብን የሚያስተምረው በጥብቅ ቅደም ተከተል ነበር። ሕፃኑ በመጀመሪያ በ«ሀ ሁ» ገበታ ላይ ሆሄያቱን ከነሰባት ዘራቸው ይቆጥራል። የግዕዙ 26 ሆሄያት 182 ፊደላትን ይሰጣሉ፤ አማርኛ የጨመራቸው ሰባቱ፣ ማለትም ሸ፣ ቸ፣ ኘ፣ ኸ፣ ዠ፣ ጀ እና ጨ ሲታከሉባቸው፣ ዲቃሎቹ ሳይቆጠሩ፣ ድምሩ 231 ይሆናል። ቁጥሩ ለሕፃን አእምሮ የሚከብድ ቢመስልም ፊደሉ ሥርዓት አለው። ካዕቡ በአብዛኛው ከወገቡ በስተቀኝ ጭረት ያወጣል፤ ሣልሱ ጭረቱን ወደ እግሩ ያወርዳል፤ ኀምሱ እግሩ ላይ ቀለበት ያስራል። አስቸጋሪዎቹ ቅርጻቸው ከሆሄ ወደ ሆሄ የሚለዋወጠው ሳድሱና ሳብዑ ናቸው። ይህን ሥርዓት አውቆ ለሕፃኑ የሚያሳይ መምህር 231 ነገሮችን አያስተምርም፤ ጥቂት ደንቦችንና ከደንቡ የወጡትን ያስተምራል።

«ሀ ሁ»ን ሲደጋግም የሰነበተ ሕፃን ዜማውን ብቻ ይዞ፣ ዐይኑን ከገበታው ላይ ሳያሳርፍ፣ እስከ ፍጻሜው ሊወርደው ይችላል። ሰሚው አነበበ ይላል፤ ሕፃኑ ግን በቃሉ ነው የሚወጣው። ቀጥሎ የሚመጣው የ«አቡጊዳ» ገበታ ይህን ዜማ ይሰብረዋል። የመጀመሪያው መሥመር «አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ» ሲል ሁለተኛው «በ፣ ጉ፣ ዲ፣ ሃ፣ ዌ፣ ዝ፣ ሖ» ይላል። ሆሄውም ዘሩም በየእርምጃው ስለሚለወጥ በ«ሀ ሁ» ዜማ ተደግፎ ማለፍ አይቻልም፤ እያንዳንዱን ፊደል በመልኩ ማወቅ ግድ ይሆናል። በምህንድስና አነጋገር አንደኛው ገበታ የግንባታው፣ ሁለተኛው የፍተሻው ሥራ ነው። የቀድሞ አባቶች የቃል ጥናት ንባብን መስሎ እንደሚያታልል ተገንዝበው፣ መፈተሻውን ከትምህርቱ ጋር አዋሕደውት ነበር ማለት ይቻላል።

ከገበታው በኋላ ሕፃኑ ወደ መልእክተ ዮሐንስ፣ ከዚያም ወደ ወንጌለ ዮሐንስ፣ በመጨረሻም ወደ መዝሙረ ዳዊት ይሸጋገራል። ንባቡም በደረጃ የተከፋፈለ ነው። በ«ቁጥር» ፊደላቱን እየነጠለ ይጠራል፤ በ«ግዕዝ» ቃሉን እየገጣጠመ በቀስታ ያነባል፤ በ«ውርድ ንባብ» ያፈጥነዋል፤ በ«ቁም ንባብ» ደግሞ ተነሹን፣ ወዳቂውን፣ ሰያፉንና ተጣዩን ለይቶ በሥርዓቱ ያሰማል። ዛሬ አቀላጥፎ ማንበብ የሚባለው ችሎታ በዚህ ትምህርት ቤት የራሱ ደረጃዎችና የራሱ ስሞች ነበሩት።

የኔታ ግን ለዚህ ሥራ የተዘጋጁት እንዴት ነበር? የተለየ የመምህራን ማሠልጠኛ አልነበረም። የበረታው ተማሪ ታናናሾቹን ያስቆጥራል፤ እርሱ ሲሳሳት የኔታ ከተቀመጡበት ሆነው ያርሙታል። በዚህ መንገድ ማስተማርን የሚማረው ገና ራሱ እየተማረ፣ በመምህሩ ዐይን ሥር፣ ለዓመታት ነው። በእስልምና የትምህርት ማዕከሎችም፣ በወሎና በሐረር ጭምር፣ ልጆች የቁርአንን ንባብ በእንጨት ለውሕ ላይ እየጻፉ ከመምህራቸው ፊት በየተራ እየቀረቡ ሲማሩ ተመሳሳይ ልማድ ይታያል።

ይህ አዘገጃጀት የማይካዱ ጉድለቶች ነበሩበት። የሚነበበው ግዕዝ ለአብዛኛው ሕፃን የማይገባ ቋንቋ ስለነበር ዳዊት የደገመ ልጅ ያነበበውን ትርጉም ሳያውቅ ይቀራል። ጽሕፈት ራሱን የቻለ ሙያ ስለሆነ ማንበብ የሚችል ሁሉ መጻፍ አይችልም ነበር። አለንጋው የማስተማሪያው አካል ነበር። ከትምህርቱ የተካፈሉት ሴቶች ልጆችም ጥቂት ነበሩ። ቢሆንም ሁለት ነገሮች በዚያ ቤት የማይታለፉ ነበሩ፤ መምህሩ እያንዳንዱን ሕፃን ለብቻው ያደምጠዋል፤ ማስተማሩንም የሚጀምረው በሌላ መምህር ዐይን ሥር ነው። የቀጣዩ ዘመን ታሪክ በከፊል የእነዚህ የሁለቱ መጥፋት ታሪክ ነው።

አዲሱ ትምህርት ቤትና የተተወው መጀመሪያ

የንባብ ማስተማሪያ መጽሐፍ በሕፃኑ በራሱ ቋንቋ ሊዘጋጅ እንደሚገባ ቀድመው ከተገነዘቡት መካከል ኦኔሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ ይገኙበታል። ሁለቱም በባርነት ቀንበር ያለፉ ኦሮሞዎች ሲሆኑ በምጽዋ አቅራቢያ በምንኩሉ በሚገኘው የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ተማሩ። እ.ኤ.አ. በ1894 በዚያው ማተሚያ ቤት በግዕዝ ፊደል የታተመው የኦሮምኛ የፊደልና የንባብ መማሪያ የሁለቱ ሥራ ነው። አስቴር ለመጽሐፉ የተለያዩ የኦሮሞ ቃላዊ ሥነ ጽሑፎችን በማሰባሰብ ከፍ ያለ ድርሻ አበርክታለች። እ.ኤ.አ. በ1904 ወደ ወለጋ በተመለሱ ጊዜ ሕፃናትን ያስተማሩት በዚሁ ዐይነት መጽሐፍ ነው። ሕፃኑ ፊደሉን አገጣጥሞ ሲያበቃ ከእናቱ አፍ የሰማውን ቃል ያገኛል፤ ከየኔታ ቤት የጎደለው ትርጉም በዚህ ተሟላ። ይሁን እንጂ ጅምሩ ወደ አገር አቀፍ ሥርዓት ሳያድግ ብዙ ዐሥርት ዓመታት አለፉ።

የመንግሥት ዘመናዊ ትምህርት በ1900 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሲጀመር መምህራኑ ከግብፅ የመጡ ኮፕቶች ነበሩ። በ1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ተከተለ። የእነዚህ ትምህርት ቤቶች ዋና ተግባር የውጭ ቋንቋዎችንና አዲስ ዕውቀትን ማስጨበጥ ነበር። ፊደል ማስቆጠር የየኔታ ሥራ ሆኖ ቀረ፤ አዲሱ ትምህርት ቤት ከዚያ በላይ ያለውን ያዘ። ይህ የሥራ ክፍፍል ለጊዜው የሚያመች ቢመስልም መዘዙ ረጅም ነበር። ከዚያ ወዲህ በብዙ ከተሞች አንድ ልጅ አንደኛ ክፍል ሲገባ ፊደል ቆጥሮ እንደመጣ የሚታሰብ ሆነ። የቄስ ትምህርት ቤት በአቅራቢያው ያልነበረ ልጅ፣ ወይም የሌላ ሃይማኖት ተከታይ ቤተሰብ ልጅ፣ ሌሎቹ በጨረሱት መንገድ መነሻ ላይ ብቻውን ይቆማል፤ መምህሩም ይህን ልጅ ከየት እንደሚያስጀምረው አልተማረም።

ከነጻነት በኋላ የተጀመረው ሥልጠና

የፋሽስት ወረራ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶችን ከመዝጋቱም በላይ፣ በተለይ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ፣ ብዙ የተማሩ ወጣቶችን ፈጅቷል። ስለዚህ ከነጻነት በኋላ መንግሥት ትምህርት ቤቶችን እንደገና ሲከፍት ከሁሉ የባሰው እጥረት የመምህራን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1944 በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ግቢ የመምህራን ሥልጠና ተጀመረ፤ ቀጥሎም በሐረር፣ በደብረ ብርሃንና በሌሎች ሥፍራዎች ማሠልጠኛዎች ተቋቋሙ። ለመጀመሪያ ጊዜ አገሪቱ ማስተማርን እንደ ሙያ የሚያስተምር ተቋም አገኘች።

ግንቦት 1953 ዓ.ም. በዩኔስኮ አስተባባሪነት የአፍሪካ አገሮች የትምህርት ጉባኤ በአዲስ አበባ ሲካሄድ እ.ኤ.አ. እስከ 1980 የአንደኛ ደረጃ ትምህርትን ለሁሉም ሕፃናት ለማዳረስ ታቀደ። አስተናጋጇ ኢትዮጵያ ራሷ በትምህርት ሥርጭት ከብዙዎቹ ተሳታፊዎች ኋላ መሆኗ በጉባኤው በግልጽ ታየ። ከዚያ በኋላ የተደረገው ጥረት ሰፊ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ የአሜሪካ የሰላም ጓድ መምህራን ወደ ክፍላተ ሀገር ገቡ። እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ በዩኒቨርሲቲው አገልግሎት ደንብ መሠረት ተማሪዎች ከምረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየክፍለ ሀገሩ አገልግለዋል። በ1956 ዓ.ም. ገደማ አማርኛ የአንደኛ ደረጃ የማስተማሪያ ቋንቋ ሆነ።

የእነዚህ ኀይሎች አመዳደብ ሲመረመር ግን አንድ ነገር ጎልቶ ይታያል። የሰላም ጓድ መምህራንና የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በአብዛኛው የተመደቡት ከፍ ባሉት ክፍሎች ነበር። ዝቅተኛ ሥልጠናና ዝቅተኛ ደመወዝ ያለው መምህር ለዝቅተኛው ክፍል ይመደባል፤ ሲሻሻል ወደ ላይ ይወጣል። አንደኛ ክፍል ማስተማር የመነሻ ወይም የቅጣት ቦታ መሰለ። ማንም መሐንዲስ መሠረቱን ለአዲስ ሠራተኛ ሰጥቶ ጣሪያውን ለልምድ ባለቤት አያቆይም፤ በትምህርት ቤቶቻችን ግን ይህ ያለ ተቃውሞ ሲሠራበት ኖረ።

በማሠልጠኛዎቹ የሚሰጠው ትምህርትም ይህን አላቃናውም። ሠልጣኙ የሕፃናት ሥነ ልቡናን፣ የማስተማር ሥነ ዘዴንና የየትምህርት ዐይነቱን ይዘት ይማራል። አማርኛም የሚማረው እንደ ቋንቋ ነው፤ ሰዋስው፣ ድርሰትና ሥነ ጽሑፍ ይጠናሉ። ሕፃን ፊደልን ከድምፅ ጋር እንዴት እንደሚያያይዝ ራሱን የቻለ ትምህርት ሆኖ የሚይዘው ቦታ አነስተኛ ነበር። ስለዚህም መምህሩ ወደ ክፍል ሲገባ የሚያስተምረው እርሱ ራሱ በልጅነቱ በተማረበት መንገድ ሆነ። ልዩነቱ የኔታ ከፊታቸው ያለውን ልጅ ብቻውን ሲያደምጡ፣ እርሱ የክፍሉ ልጆች በአንድ ድምፅ «ሀ» እንዲሉ ማድረጉ ነበር። በዚህ የጋራ ድምፅ ውስጥ የማያውቀው ልጅ ከሚያውቀው አይለይም፤ የ«ሀ ሁ» ዜማ ቀጠለ፣ የአቡጊዳ ፍተሻ ግን ቀረ።

በ1964 ዓ.ም. የተጠናቀቀው የትምህርት ዘርፍ ክለሳ ትምህርትን በአነስተኛ ወጪ ለማስፋፋት ሐሳብ አቀረበ። መምህራኑ የሙያቸውን ክብርና የልጆችን ዕድል የሚነካ ሆኖ ስላገኙት አጥብቀው ተቃወሙት፤ የየካቲት 1966 ዓ.ም. የመምህራን አድማም የዘመኑን ሥርዓት ካናወጡት እንቅስቃሴዎች አንዱ ሆነ። ከክርክሩ መካከል አንድ እውነት ወጥቶ ታየ፤ መምህሩን ወደ ጎን የሚተው የትምህርት ዕቅድ ሥራ ላይ ሳይውል ይወድቃል።

የዘመቻው ዘመን

ታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የተጀመረው የእድገት በኅብረት የእውቀትና የሥራ ዘመቻ 60,000 ያህል ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር አሰማራ። ከዚያም ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ብሔራዊው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። በመጀመሪያ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በወላይትኛና በሶማልኛ፣ በኋላም በ15 ቋንቋዎች የመማሪያ መጻሕፍት በግዕዝ ፊደል ተዘጋጁ። ሥራው በተጀመረ በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1980፣ ዓለም አቀፍ ሽልማት አስገኘ።

ዘመቻው ዋና ትኩረቱን ያደረገው በጎልማሶች ላይ ነበር። ስለ ንባብ መምህር አዘገጃጀት ግን ሁለት ትምህርት ጥሏል። አንደኛው በጎ ነው፤ በአገሪቱ ብዙ ቋንቋዎች የንባብ መጽሐፍ ሊዘጋጅ እንደሚችል በተግባር አሳይቷል፤ የግዕዝ ፊደል ለሌላቸው ድምፆችም ምልክት መፈለግ ግድ ሆኗል። ሁለተኛው ማስጠንቀቂያ ነው። አስተማሪዎቹ በአጭር ጊዜ ገለጻ የተሰማሩ ተማሪዎች፣ ሠራተኞችና ሌሎች በጎ ፈቃደኞች ነበሩ፤ ፊደል ማስቆጠሩን ቢወጡትም ብዙ ተማሪዎች የሚያነቡት ነገር በማጣት ወደ መሐይምነት ተመለሱ። ድኅረ መሠረተ ትምህርት የተባለው መርሐ ግብር የተዘረጋውም ይህን ለመከላከል ነው። ፊደል ማወቅና አንባቢ መሆን ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው በአገር ደረጃ ተፈተነ።

በዚሁ ዘመን የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ስለበዙ ማሠልጠኛዎች 12ኛ ክፍል ያጠናቀቁትን ተቀብለው በአንድ ዓመት ያስመርቁ ነበር። የመግቢያው ደረጃ ከቀድሞው ቢልቅም የሥልጠናው ጊዜ አጥሯል። በአንድ ዓመት ውስጥ ሁሉንም የትምህርት ዐይነቶች፣ ሥነ ዘዴውንና የማስተማር ልምምዱን ማዳረስ ያለበት ሠልጣኝ ለንባብ የሚተርፈው ሰዓት ምን ያህል እንደሚሆን ለመገመት አያዳግትም።

የቋንቋው ለውጥና የቁጥሩ ዕድገት

ሚያዝያ 1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ደነገገ። ኦኔሲሞስና አስቴር ከመቶ ዓመት በፊት የጀመሩት ሐሳብ የመንግሥት ፖሊሲ ሆነ ማለት ነው። በ1984 ዓ.ም. ደግሞ ኦሮምኛ በላቲን ፊደል፣ በቁቤ፣ እንዲጻፍ ተወስኖ ነበር። ለሕፃናቱ ይህ ትልቅ ጥቅም ነበረው፤ ለመምህሩ ግን ከባድ ሸክም ሆነ። በአማርኛና በግዕዝ ፊደል የተማረ መምህር በአጭር ጊዜ ተዘጋጅቶ፣ በሌላ ፊደል፣ እርሱ ራሱ በትምህርት ቤት ባልተማረበት ቋንቋ ማንበብ ማስተማር ነበረበት። ሁለቱ ፊደላት የተለያየ ጥንቃቄ ይጠይቃሉ። ቁቤ የሚጠብቀውን ድምፅ ፊደሉን በመደጋገም ያሳያል፤ የአማርኛ ጽሕፈት ግን አያሳይም። «ገና» የሚለው ቃል ላልቶ ሲነበብ ጊዜን፣ ጠብቆ ሲነበብ በዓልን ያመለክታል፤ «ዋና»ም እንደዚሁ ነው። በ«ሀ፣ ሐ፣ ኀ» እና በ«ሰ፣ ሠ» ድምፅ መመሳሰል የተነሣም ሕፃኑ የሚሰማው አንድ፣ የሚያየው ግን ብዙ ይሆናል። እነዚህን ችግሮች አስቀድሞ ያላወቀ መምህር የሕፃኑን ስሕተት ከስንፍና ይቆጥረዋል።

ከ1986 ዓ.ም. በኋላ የተማሪዎቹ ቁጥር በፍጥነት አደገ፤ ከ3 ሚሊዮን ገደማ ተነሥቶ በ2002 ዓ.ም. አካባቢ ከ15 ሚሊዮን በላይ ደረሰ። ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍል አንድ መምህር ሁሉንም ትምህርት እንዲሰጥ፣ በመጀመሪያዎቹ ክፍሎችም ተማሪ በተከታታይ ምዘና እየታገዘ ከክፍል ወደ ክፍል እንዲያልፍ ተደረገ። አሠራሩ ያልቻለውን ልጅ ወዲያው ለይቶ የሚረዳ መምህርን የሚጠይቅ ነበር።

በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ ክልሎችና ቋንቋዎች የተካሄደው የታችኛ ክፍሎች የንባብ ምዘና ውጤቱን በግልጽ አወጣው። እያንዳንዱ ሕፃን ለብቻው ቀርቦ እንዲያነብ ሲደረግ፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ ያህሉ ከቀረበላቸው አጭር ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ምዘናው ያደረገው የኔታ በየዕለቱ ያደርጉት የነበረውን ነው፤ ልጁን ብቻውን አደመጠው። በጋራ ድምፅ ውስጥ ለዓመታት ተሸሽጎ የነበረው ዝምታ ያን ጊዜ ተሰማ።

ከዚህ በኋላ እ.ኤ.አ. ከ2012 እስከ 2017 በትምህርት ሚኒስቴርና በአሜሪካ የልማት ድርጅት ትብብር በተካሄደው መርሐ ግብር በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሶማልኛ፣ በሲዳምኛ፣ በወላይትኛና በሃድይኛ አዲስ የአፍ መፍቻ ቋንቋ መማሪያና የመምህሩ መምሪያ ተዘጋጀ፤ መምህራንም ሠለጠኑ። ድምፅን መለየት፣ ፊደልን ከድምፅ ማያያዝ፣ አቀላጥፎ ማንበብ፣ የቃላት ዕውቀትና አንብቦ መረዳት ለየብቻቸው የሚለመዱ ችሎታዎች መሆናቸው በመምህሩ መጽሐፍ ተጻፈ። ንባብን ማስተማር ራሱን የቻለ ሙያ እንደሆነ በዚህ መጠን በአገር ደረጃ መታመኑ አዲስ ነገር ነበር።

ማጠቃለያ

ከላይ የተዘረዘረው ታሪክ ሲጠቃለል አንድ መልክ ይይዛል። ትምህርት በተስፋፋ ቁጥር የንባብ መምህሩ መዘጋጃ ጊዜ አጠረ፤ ሥራውም ማንም ሊሠራው የሚችል ተደርጎ ተቆጠረ። እያንዳንዱ ዘመን የራሱ አጣዳፊ ምክንያት ነበረው፤ ከጦርነት ማገገም፣ ድንቁርናን ማጥፋት፣ የሁሉንም ልጅ መብት ማክበር። ምክንያቶቹ ሁሉ እውነተኛ ነበሩ። ዕዳውን የከፈለው ግን ዘወትር ያው የአንደኛ ክፍል ልጅ ነው።

ስለዚህ ልጁ ሦስተኛ ክፍል ደርሶ ማንበብ ሲያቅተው መምህሩን ብቻ መውቀስ ፍትሐዊ አይደለም፤ ያልተሰጠውን ሊሰጥ አይችልምና። መፍትሔውም ከየዘመኑ መልካሙን በማዋሐድ ላይ የሚመሠረት ይመስላል። ከየኔታ ቤት እያንዳንዱን ልጅ ለብቻው ማድመጥን፣ የቃል ጥናትን ከንባብ የሚለየውን የአቡጊዳ ፍተሻና ማስተማርን በልምድ ባለቤት ዐይን ሥር መጀመርን፤ ከኦኔሲሞስና ከአስቴር የልጁን ቋንቋ፤ ከዘመቻው የሚነበብ ነገር በብዛት የማቅረብን አስፈላጊነት፤ ከቅርቡ ዘመን ደግሞ የንባብን ችሎታዎች ለይቶ የሚያውቅ ሥነ ዘዴን መውሰድ ይገባል። ከሁሉም በላይ ብርቱው መምህር ከአንደኛ ክፍል ሸሽቶ ሳይሆን እዚያው ሆኖ የሚያድግበት ደረጃ ሊዘረጋለት ያሻል።

የትምህርት ቤት ሕንፃ የሚነድፍ፣ የሚገነባ ወይም የሚያስገነባ ባለሙያ ሥራውን ሲያስረክብ የመሠረቱን ጥንካሬ በቁጥር ማስረዳት ይጠበቅበታል። በዚያው ሕንፃ ውስጥ፣ በአንደኛው ክፍል ጥቁር ሰሌዳ ፊት የሚቆመው ሰው ሌላ መሠረት ይጥላል። እርሱ እንዴት ተዘጋጀ ብሎ መጠየቅ የትምህርት ሚኒስቴር ጉዳይ ብቻ ሊሆን አይገባም፤ ከእያንዳንዱ መሐንዲስ፣ ሐኪምና የሕግ ባለሙያ በስተጀርባ አንድ ጊዜ ስንደዶ ይዞ ፊደል ያስቆጠረ ሰው አለና።